ወደ ኋላ የማይዞር እጀታ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በካሊፎርኒያ ፊት ለፊት በምትገኘው በሳንታ ካታሊና ደሴት ዙሪያ፣ ትልቅ ዓሣ በዘንግ ማጥመድ ጣት የሚሰብር ጨዋታ ነበር። የዘመኑ የክር ማጠንጠኛ፣ አጥማጆች ሪል የሚሉት መሣሪያ፣ እጀታው ክሩ ከሚጠመጠምበት በርሜል ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። አጥማጁ እጀታውን ሲያዞር ክሩ ይጠቀለላል። ዓሣው መንጠቆውን እንደያዘ ሲፈረጥጥ ደግሞ በርሜሉ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ እጀታውም አብሮት። ፈጥኖ ያልተሰበሰበ ጣት ካገኘ አይምረውም። ቻርልስ ፍሬድሪክ ሆልደር እ.ኤ.አ. በ1898 ክብደቱ 183 ፓውንድ፣ ማለትም 83 ኪሎ የሆነ ቱና አውጥቶ በዚያው ዓመት የካታሊናን የቱና ክበብ ሲመሠርት በእጁ የነበረው መሣሪያ ይኸው ነው። ፍሬን ቢባል በአውራ ጣት ተጭነው በርሜሉ ላይ የሚያሳርፉት ቁራጭ ቆዳ ብቻ ነበር።

በዚያው ውሃ ላይ ያጠምድ የነበረ ዊልያም ቦሸን የሚባል ሰው መላ ዘየደ። ሐሳቡን የብሩክሊኑ የቮም ሆፍ ፋብሪካ በብረት ሠራለት፦ እጀታው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የማይዞር፣ ክሩ ግን ውስጥ ባለው ፍሬን በኩል እየተጎተተ መውጣት የሚችል ሪል። ቦሸን በ1913 አፈ ሰይፍ የሚባለውን ኃይለኛ የባሕር ዓሣ በዘንግና በሪል በማውጣት የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ጉዳዩ የመካኒክ ይመስላል፤ የመካኒክም ነው። ሆኖም ጣቱን ለማትረፍ የተጨነቀ አጥማጅ ያሠራት ይህች ቁልፍ፣ ፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት ለዘመናት የተከራከሩበትን ጥያቄ በእጅ እንዲዳሰስ አድርጋ ታቀርበዋለች። ነገሮች ወደ ኋላ እንዳይመለሱ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ሰው ራሱን እንዳይመለስ አድርጎ ቢያስርስ ይገባዋል? ዋጋውንስ ማን ይከፍላል?

የጥንቱ ዘዴ ቀላል ነው። በሪሉ ዘንግ ላይ ጥርሳም ማርሽ አለ፤ ጥርሶቹ በአንድ ወገን ተዳፋት፣ በሌላው ወገን ገደል ሆነው ተቆርጠዋል። ከጎኑ በቀጭን ሞላ የምትገፋ ትንሽ የብረት ምላስ ትቀመጣለች። እጀታው ወደ ፊት ሲዞር ምላሷ ተዳፋቱን ወጥታ ገደሉን ትዘላለች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ወደ ኋላ ሊዞር ሲል ገደሉ ሥር ትሸጎጥና ቀጥ ታደርገዋለች። ብስክሌት ነጂ ፔዳል መምታቱን ትቶ ቁልቁለት ሲወርድ ከኋላው ጎማ የሚሰማው ድምፅ የዚሁ ዘዴ ድምፅ ነው።

እንከኑ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ማርሹ 12 ጥርስ ካለው፣ ምላሷ እስክትይዘው ድረስ እጀታው እስከ 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛ ምላስ በግማሽ ጥርስ አዛንፎ መጨመር ክፍተቱን ወደ 15 ያወርደዋል፤ አያጠፋውም። ዓሣው ጎርሶ አጥማጁ ዘንጉን መንጭቆ ሲያነሣ እጀታው መጀመሪያ ይወላገዳል፤ ከዚያ ጓ ብሎ ይቆማል። ምቱ ሲደጋገም ደግሞ ጥርሱ ይሸረፋል።

ዛሬ በአብዛኛው ሪል ውስጥ የሚገኘው ሌላ ዘዴ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ኩሽኔታ። ይህኛው ጥርስ የለውም። በውጭኛው ቀለበት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በርካታ ጎድጓዳ ቤቶች ተቀርጸዋል፤ እያንዳንዱ ቤት በአንድ ጫፉ ሰፋ፣ በሌላው ጫፉ ጠበብ ይላል። በየቤቱ አንዳንድ ቀጭን የብረት ሮለር አለ፤ ከጀርባው ደቃቅ ሞላ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይገፋዋል። እጀታው ወደ ፊት ሲዞር ዘንጉ ሮለሮቹን ወደ ሰፊው ቦታ ይዟቸው ይሄዳል፤ እዚያ እንደ ልባቸው ይንከባለላሉ። ወደ ኋላ ሲሞከር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጠባቡ ይሸጎጣሉ፣ ዘንጉንም ጨምቀው ይይዛሉ። ጉተታው በበረታ ቁጥር ጭመቃው ይበረታል። የእጀታው ውልግድግድ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ይህ ውብ ዘዴ አንድ ጠላት አለው፤ ለዕቃው የሚሳሳ ባለቤት። ሪሉን ፈትቶ ያጸዳ ሰው ኩሽኔታ ሲያይ እጁ ወደ ግሪስ ይሄዳል፤ ሌላው ኩሽኔታ ሁሉ ግሪስ ይወዳላ! ወፍራሙን ግሪስ ይጠቀጥቅበታል። ሮለሮቹ በቅባቱ ተይዘው ይቀራሉ፤ ደቃቁ ሞላ ሊገፋቸው አቅም ያጣል፤ ብረት ብረትን አንቆ የሚይዝበት ሰበቃም ይከዳል። ብርድ ሲጨመርበት ግሪሱ ይጠጥርና ነገሩ ይብሳል። ከዚያ አንድ ቀን ትልቅ ዓሣ ሲነክስ እጀታው ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ኋላ ይፈተለካል። ኩሽኔታው የሚፈልገው ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ ነበር። ለከባድ ዓሣ የሚሠሩ ብዙ ሪሎች ሁለቱንም የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሮለሩ ከፊት፣ ያቺ የድሮዋ ምላስ ደግሞ እሱ ቢከዳ ከኋላ መጠባበቂያ። ያለ ሰበቃ መያዝ የለም፤ እንቅፋትን ሁሉ ካጠፉ ወደ ኋላ መሄድን የሚከለክለውም አብሮ ይጠፋል።

ማርሹና ምላሷ እያነሱ እያነሱ ወርደው የአቶም ጎረቤት ቢሆኑስ? ሪቻርድ ፋይንማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካልቴክ ለጀማሪ ተማሪዎች በሰጠው ዝነኛ የፊዚክስ ትምህርት ይህንን ጠይቋል። ፖላንዳዊው ማርያን ስሞሉኮቭስኪ በ1912 ቀድሞት አንሥቶት ነበር። ደቃቅ ጥርሳም ማርሽ በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ አለ እንበል፤ በሌላው ጫፍ ላይ ክንፎች አሉ። በክንፎቹ ዙሪያ ያሉት የአየር ሞለኪውሎች ከዚህም ከዚያም ይመቷቸዋል፤ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ። ምላሷ የኋለኛውን ከከለከለች ማርሹ ወደ ፊት ብቻ እየዞረ መሄድ አለበት። ታዲያ በዘንጉ ላይ ክር አስሮ ቁንጫ ቢያንጠለጥሉ፣ ያለ አንዳች ነዳጅ፣ ከሞቀ አየር ብቻ ቁንጫዋን ወደ ላይ ማውጣት ተቻለ ማለት ነው። ነጻ ሥራ፣ ነጻ ጉልበት!

አይሆንም። ክንፎቹን የሚንጣቸው ሙቀት ምላሷንም ይንጣታል። እሷም ትንሽ ናት፤ ራሷ ትንቀጠቀጣለች፣ አልፎ አልፎም ካለችበት ብድግ ትላለች። ብድግ ባለችበት ቅጽበት ማርሹ ወደ ኋላ ያመልጣል። ሁለቱ ወገኖች እኩል ከሞቁ፣ ወደ ፊት የሚሄደውና ወደ ኋላ የሚያመልጠው እኩል ይሆናል፤ ቁንጫዋ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። ፋይንማን ሌላም ነገር አስተውሏል። ምላሷ ገደሉን ዘልላ ስትወድቅ ኃይሏን ሳታጣ ነጥራ ብትነሣ፣ ትነጥር ትነጥርና ማርሹ በሥሯ ወደ ኋላ ይሾልካል። ለመያዝ ስትወድቅ መርጋት አለባት፤ ለመርጋት ደግሞ ኃይሏን በሙቀት መልክ መጣል አለባት።

በአጥማጁ ጆሮ የሚገባው ያ ጠቅታ እንግዲህ ጌጥ አይደለም። ወደ ኋላ አለመመለስ በየጥርሱ የሚከፈልበት ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ በፍሬኑ በኩል ይበልጥ ይገለጣል። ቦሸን ያሠራው ሪል ትልቁ ብልሃት እጀታውን መቆለፉ ብቻ አልነበረም። እጀታው ተቆልፎ ክሩም ቢቆለፍ ኖሮ የመጀመሪያው ብርቱ ዓሣ ክሩን በጥሶት ይሄድ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ሪል ውስጥ ምላሷ የምትይዘው የእጀታውን ዘንግ ነው፤ ዋናው ማርሽ በዘንጉ ላይ የተያዘው ደግሞ በተደራረቡ ዲስኮች ጭመቃ ብቻ ነው። ዲስኮቹ በፊት ቆዳ ነበሩ፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ የካርቦን ፋይበር ናቸው። ጉተታው ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ዲስኮቹ እየተፋተጉ ይንሸራተታሉ፤ እጀታው ሳይነቃነቅ ክሩ ይወጣል። ዓሣው ግን በነጻ አይወጣም። በ5 ኪሎ ጉተታ 100 ሜትር ክር ከወሰደ፣ ዲስኮቹ ላይ ወደ 4,900 ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይቀራል፤ 100 ግራም ውሃን በ12 ዲግሪ ገደማ ለማሞቅ የሚበቃ። ፍሬኑ ካልተቆለፈ ዘንግ ጋር ቢያያዝ ኖሮ የሚፋተግበት ነገር አያገኝም ነበር፤ የሚይዘውና የሚለቀው ክፍል አንዱ ያለ ሌላው ሥራ ፈት ናቸው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከብረት ይወጣል። የፊዚክስ ሊቁ ጆሴፍ ሎሽሚት በ1876 ለሉድቪግ ቦልትስማን ያቀረበው ተቃውሞ እስከ ዛሬ ፊዚክስን ይጎነትላል፦ የኒውተን የእንቅስቃሴ ሕጎች የሁሉም ነገር ፍጥነት ቢገለበጥም እኩል ይሠራሉ፤ ታዲያ ወደ ኋላ አለመመለስ ከየት መጣ? ሕጉ ውስጥ የማርሽ ጥርስ የለም። አቶም አልተቆለፈም። የጊዜ ቀስት የሚባለው ነገር ብዙ ቅንጣቶች ኃይላቸውን ወደ ሙቀት ከሚበትኑበት ብዛት የሚወጣ ይመስላል። እንቁላል የሚሰበረውና የማይጠገነው ሕግ ስለከለከለ አይደለም፤ መንገዱ ሊቆጠር በማይችል ቁጥር ወደዚያ ስለበዛ እንጂ።

የሃይማኖት ሰዎች ግን ከዚህ የሚብስ ጥያቄ አላቸው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጴጥሮስ ዳሚያን የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴና ካርዲናል በሞንቴ ካሲኖ ገዳም ማዕድ ላይ ከአበ ምኔቱ ከዴሲዴሪዮስ ጋር ተጨቃጨቀ። መነሻው ቅዱስ ጀሮም የጻፈው ነገር ነበር፦ እግዚአብሔር ሁሉን ቢችልም፣ ድንግልናዋን ያጣችን ሴት እንዳላጣች ማድረግ አይችልም ይላል። ዴሲዴሪዮስ፣ በኋላ ፓፓ ቪክቶር ሦስተኛ የሆነው፣ ጀሮም ልክ ነው አለ። ለዳሚያን ግን አልዋጥልህ አለው፤ በ1067 ገደማም ስለ መለኮት ሁሉን ቻይነት ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ለእግዚአብሔር ትናንት የሚባል የለም፣ ሁሉም በፊቱ ዛሬ ነው፤ ስለዚህ ያለፈው ከሥልጣኑ ውጭ አይደለም የሚል ነው ክርክሩ። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ቶማስ አኩዊናስ ከጀሮም ጎን ቆመ፤ የሆነውን አልሆነም ማድረግ ራሱን የሚያፈርስ አባባል ስለሆነ የችሎታ ጥያቄ እንኳ አይነሣበትም አለ። ከእነሱ ሁሉ በፊት አርስቶትልም የተደረገን እንዳልተደረገ ማድረግ ከአምላክም አቅም ውጭ እንደሆነ ተናግሯል። በዚህ ላይ የአኩዊናስ ሚዛን ይደፋል። ዳሚያን ያሸነፈ ቢሆን ኖሮ ምሕረት የሚባል ነገር ባላስፈለገ፤ ስሕተቱ ራሱ ከታሪክ ተፍቆ ይጠፋ ነበር። ይቅር የሚባለው የሆነ ነገር ነው።

ሐና አረንት በ1958 ባሳተመችው የሰው ሁኔታን በሚመረምረው መጽሐፏ ነገሩን በሁለት ከፈለችው። የሰው ሥራ አንዴ ከተሠራ አይመለስም፤ ለዚህ መድኃኒቱ ይቅርታ ነው። የሰው ነገ አይታወቅም፤ ለዚህ መድኃኒቱ ቃል መግባት ነው። አንዱ ያለፈውን ያላላል፣ ሌላው የሚመጣውን ያስራል። አረንት የፊተኛውን ግኝት ለናዝሬቱ ኢየሱስ ትሰጠዋለች፤ እሷ ራሷ አይሁዳዊት ሆና፣ የምትጽፈውም ፖለቲካ ሆኖ።

ቃል መግባትን በጣም አጥብቆ የቆለፈ ሥርዓት ለማየት ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ እንደ ሰማንያው በሽማግሌ የሚፈታ አይደለም። ብዙ ባልና ሚስት በሰማንያ ተጋብተው፣ ወልደው ከብደው፣ ፀጉራቸው ሲሸብት የሚቆርቡት ለዚህ ነው። መነኩሴም ሲመነኩስ የሙታን ጸሎት ይደረስለታል፤ ከዓለም ሞቷልና። ቆቡን ያጠለቀ ሰው እጀታውን የሚመልስበት ክፍተት አላስቀረም። እስኪያረጁ የሚቆዩትን ባለትዳሮች ፈሪ ብሎ መፍረድ ይቻላል። ይልቅ የሚገቡበትን ነገር ጠባይ በደንብ ያወቁ ሰዎች ይመስላሉ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አፉን ቶሎ አይከፍትም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ከአጥማጆቹም ዘንድ ይመጣል። በዝንብ መሰል ማጥመጃ የሚያጠምዱት ወገኖች ሪላቸው እስከ ዛሬ በአብዛኛው እንደ ሆልደር ዘመን ነው፤ ዓሣው ሲሮጥ እጀታው ወደ ኋላ ይሽከረከራል። ፍሬን አለው፣ ቁልፍ ግን የለውም። ቁልፍ ያለው ተሠርቶላቸው ብዙዎቹ አልወደዱትም። እጀታው ከተቆለፈ፣ ዓሣው ክር እያስወጣ ሳለ አጥማጁ በከንቱ ያዞራል፣ እያተረፈ ይመስለዋል፤ በቀጥታ ከተያያዘ ግን ዓሣው የሚያደርገውን ሁሉ በጣቱ ይሰማል። ፈላስፋው ያን ኤልስተር በ1979 ስለ ግሪኩ የተረት ጀግና ስለ ኦዲሴየስ በጻፈው መጽሐፍ፣ በአሳሳች ዜማ እንዳይወሰድ ራሱን ከመርከቡ ምሰሶ ጋር ያሳሰረውን ሰው የብልህነት ምሳሌ አድርጎ መርምሮታል። የዝንብ አጥማጆቹ መልስ ግን ሌላ ነው፦ ጣትህን መሰብሰብ ተማር እንጂ ለምን ትታሰራለህ? በሌላ አነጋገር፣ በጎነት በእጅ ያለ ጥበብ እንጂ ቁልፍ አይደለም። ለትንንሽ የወንዝ ዓሦች እውነት አላቸው። በሰማንያ ኪሎ ቱና ፊት ግን ይህ ትምህርት ስንት ጣት እንዳስከፈለ ካታሊና ትመሰክራለች። የመልሱ ልክ የሚወሰነው በነከሰው ነገር ክብደት ነው።

ቁልፍ ብቻ ያለው፣ ፍሬን የሌለው ስእለት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ላይ ተጽፏል። ዮፍታሔ ከዘመቻ በድል ከተመለሰ ከቤቱ ደጃፍ ሊቀበለው የሚወጣውን ሊሠዋ ተሳለ፤ የወጣችው አንዲት ልጁ ሆነች። ከአፉ የወጣውን ሊመልስ አልቻለም። ክሩ የተበጠሰው በእሷ ላይ ነው።

በኋላ የመጡት ሕጎች ይህንን አደጋ ያወቁ ይመስላል፤ መሐላ የሚላላበትን በር አበጁለት፣ በሩን ግን በነጻ አልከፈቱትም። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ አንቀጽ 89 ላይ መሐላውን ያፈረሰ ሰው ዐሥር ድኾችን እንዲያበላ ወይም እንዲያለብስ ወይም ባሪያ ነጻ እንዲያወጣ ያዝዛል፤ ይህ ያልተቻለው ሦስት ቀን ይጾማል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ምጽዋቱን እንደ ኃጢአቱና እንደ ሰውየው አቅም ይመዝናል። ለአንዱ የሚበዛው ለሌላው ያንሳል። እንደ ዲስኮቹ ሁሉ መላላቱ ዋጋ ያስከፍላል፣ ልኩም አስቀድሞ ይወሰናል። ጥንቁቅ አጥማጅ ፍሬኑን የሚያስተካክለው ገና ከመሬት ሳይለቅ፣ በሞላ ሚዛን ጎትቶ ነው፤ 10 ኪሎ በሚችል ክር ላይ ከ2.5 እስከ 3.3 ኪሎ ያህል፣ ማለትም ከሩብ እስከ ሲሶ። ዓሣው ከተያዘ በኋላ ብሎኑን የሚነካካ ሰው በድንጋጤ አብዝቶ ያጠብቅና ክሩን ያስበጥሳል፤ በሙቀቱ መካከል የሚወሰን ልክ ልክ አይሆንም።

የአይሁድ ሕግ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ስእለቱን የተሳለው ሰው ራሱ ሊፈታው አይችልም። ሊቅ ዘንድ ወይም ሦስት ሰዎች ፊት መቅረብ አለበት፤ እነሱም ውጤቱን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሳል እንደነበር ይጠይቁታል። የዘፍጥረት ትርጓሜ የሆነው ጥንታዊው ሚድራሽ የዮፍታሔን ታሪክ የሚያነበው በዚህ ዓይን ነው። በዘመኑ ሊቀ ካህናቱ ፊንሐስ ነበር፤ ስእለቱን መፍታት ይችል ነበር። ፊንሐስ ግን ፈላጊው እሱ ነው፣ ሊቀ ካህናት የሊቀ ካህናት ልጅ ሆኜ እንዴት እሄድለታለሁ አለ። ዮፍታሔም በበኩሉ የእስራኤል አለቃ ሆኜ እንዴት እኔ እሄዳለሁ አለ። በሁለቱ ክብር መካከል ልጅቱ ጠፋች። ሚድራሹ ሁለቱንም ይቀጣቸዋል፤ ከፊንሐስ መንፈስ ቅዱስ ተለየ፣ የዮፍታሔም አካል በየሄደበት እየተቆራረጠ ወድቆ በገለዓድ ከተሞች ተቀበረ ይላል።